ዕንቁላሉ ለሕፃኑም ይድረሰው

በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም በተመጣጠነ ምግብ እጥረት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. አኃዙ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን አይበቃም።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

በብዙ የገጠር ቤቶች ዶሮዋ የጣለችው ዕንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ ይወጣል፤ ሕፃኑ ግን ቀጭን አጥሚት ይጠጣል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የባቄላ ዱቄት፣ ካሮትና ዕንቁላል የገባበት ገንፎ ሠርታ ስታሳይ አባቶችም ሊገኙ ይገባል። የቤቱ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ብዙ ጊዜ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። ወረዳዎችም ለዚህ ሠርቶ ማሳያ በጀት ይመድቡ።