ከድምፃዊው ሥር ያለው ሰው

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ድምፃዊው ነው፤ ቀጥሎ ኦርጋኑ ወይም ሳክስፎኑ። ቤዝ ጊታር ያነገተውን ሰው የሚጠራው እምብዛም የለም። እኔ ግን የደርግ ዘመንን ዘፈን አጽንቶ ያቆመው እሱ ነው እላለሁ፤ ምስክሬም ቤዚስቱ ጂዮቫኒ ሪኮ ነው።

ጂዮቫኒ ከጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ጋር የአይቤክስ ባንድ ምሰሶ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 የተጫወተው ከዚሁ ባንድ ጋር ነው። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ፤ በካሴቱ ዘመንም ከታላላቆቹ ድምፃውያን ብዙዎቹን አጀበ። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር ባንዱ የሚጫወትበት ሆቴል የገባ እንግዳ ሳይነጋ አይወጣም ነበር፤ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር።

የሮክ ቤዚስት ባመዛኙ ኮርዱ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ግን ያሉት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ዜማው በኮርድ ፈረቃ አይጓዝም። ስለዚህ ቤዚስቱ የሚከተለው ነገር የለውም። አንዲት አጭር ዜማ ከራሱ አፍልቆ በችክችካው ስድስት ምት ላይ እያመላለሰ ማሽከርከር አለበት፤ የት ዝም እንደሚልም ማወቅ አለበት። ያ ዙር ከተዛነፈ ድምፃዊው መቆሚያ ያጣል። «ኧረ መላ መላ» ውስጥ ማሕሙድ እንደልቡ የሚንጎራደደው ከሥሩ የማይናወጥ ዙር ስላለ ነው። ይህን ማጀብ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል፤ ድርሰትም ነው። ደግሞም የወፍራም ክር ድምፅ ለጆሯችን እንግዳ አልነበረም፤ ከቤዝ ጊታር በፊት በገና ነበረን።

የዚያን ዘመን ካሴት ወደ አሰብ በሚወርደው መኪና ውስጥ አስቡት። መንገዱ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ ከዛሬዋ ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ይደርሳል። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የከበሮው ጸናጽል ይከስማል፣ የቃላቱ ጫፍ ይሟሟል። ቤዙ ግን ይቀራል። በዚያ መንገድ ሙቀት የተንገላታ ካሴት ላይ ዘፈኑን ዘፈን አድርጎ የሚያቆየው የጂዮቫኒ እጅ ነበር፤ ስሙን ግን ሽፋኑ ላይ የሚፈልግ አልነበረም።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን አሜሪካን ዓመታት ሲያስጨፍር ከርሞ፣ ስሙ በጉልህ የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ዘግይተውም ቢሆን ካሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገባ። እኛ ገና ነን። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያጨበጭብለት፣ በዚያው ባንድ ቤዝ ይጫወት የነበረውን መላከ ገብሬን ስንቱ አስታወሰው?

ዛሬ ሰመራ ላይ ያ ዘፈን በስልክ ይደመጣል። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቤዙን ይውጠዋል፤ ስክሪኑም የድምፃዊውን ስም ብቻ ያሳያል። የድሮ ካሴቶችን በዲጂታል የሚያወጡ አሳታሚዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ይጻፉ። በየትኛው ዘፈን ማን እንደተጫወተ የሚያውቁት አብዛኞቹ ሸምግለዋል፤ የሚጠየቁት አሁን ነው።