«ቺፑ ሞቷል» ከማለታችን በፊት

በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ሲቃረብ በቤተ ሙከራችን በር ላይ የማይቀር አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ዶክተር፣ ቺፑ ሞቷል።» ተናጋሪው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ነው። በአንድ እጁ ብሬድቦርድ፣ በብብቱ ላፕቶፕ ይዟል፤ በላፕቶፑ ገጽ ላይም በቀይ የተጻፈ መልእክት ይነበባል። መልእክቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ነው። እንግዲህ ውድ አንባብያን ልብ በሉ፤ ኮምፒዩተሩ ያለው «አልተገናኘንም» ነው። «ሞቷል» ያለው ተማሪው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ተማሪዎች የአፈርን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ። ንድፉ ጥሩ ነበር፤ ፕሮግራሙም ተጽፎ አልቋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ወደ ቺፑ ለመጫን በሞከሩ ቍጥር ያው ቀይ መልእክት ይመለስባቸዋል። ኮምፒዩተር ቀየሩ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍተው እንደ ገና ጫኑ፤ በመጨረሻም ቺፑ ሞቷል ብለው ደመደሙ። ሌላ ቺፕ በእጃችን አልነበረም፤ ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ የቀረው ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ርእሳቸውን ለውጠው በንድፈ ሐሳብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ አቀረቡ። የርእስ ለውጡን ወረቀት የፈረምነው እኛው ነን። ስንፈርም መልቲሜትር አላነሣንም።

ከወራት በኋላ መደርደሪያውን ስናጸዳ «የተበላሹ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ሳጥን አገኘን። በውስጡ 14 ቺፖች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስላልነበረን አንድ በአንድ መሞከር ጀመርን፤ ከ14ቱ 9ኙ በመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጡ። ከዘጠኙ አንዱ የእነዚያ የሁለቱ ተማሪዎች ቺፕ ነበር። ብሬድቦርዳቸውም እዚያው ስለ ነበረ ሽቦዎቹን መረመርን። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ከላይ ሲያዩት ደኅና፣ ከፕላስቲክ ልባሱ ውስጥ ግን የተበጠሰ ነበር። አንድ የመመረቂያ ሥራ የጠፋው በአንድ መዳፍ በማይሞላ ሽቦ ነው።

ለመሆኑ የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ በቀላሉ ይሞታልን? ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያስተዋወቀው በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። አሠራሩ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች እጅግ የሚያስደስት ነው። በእያንዳንዱ የማኅደሩ ክፍል ውስጥ፣ ዙሪያውን በማያስተላልፍ ኦክሳይድ የታጠረና ከማናቸውም ሽቦ ጋር ያልተገናኘ አንድ ቅንጣት አለ፤ «ተንሳፋፊ ጌት» ይባላል። በዚህ ጌት ላይ ኤሌክትሮኖች ከታሰሩ አንድ ዓይነት መረጃ፣ ካልታሰሩ ሌላ ዓይነት መረጃ ይሆናል። መረጃው ሲሰረዝ ኤሌክትሮኖቹ በክላሲካል ፊዚክስ ሊያልፉት የማይችሉትን ግድግዳ በኳንተም መካኒክስ ሕግ ሾልከው ይወጣሉ። በእርግጥ እያንዳንዱ መጻፍና መሰረዝ ኦክሳይዱን በጥቂቱ ይጐዳዋል። ነገር ግን በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚገኘው ኤትሜጋ328ፒ የተባለው ቺፕ በሠሪው ሰነድ መሠረት 10,000 ጊዜ መጻፍና መሰረዝ ይችላል። በየቀኑ ሳያቋርጥ 20 ጊዜ ፕሮግራም የሚጭን ተማሪ ይህን ቍጥር ለመድረስ 500 ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ትናንት ከፖስታው የወጣ ቺፕ ዛሬ ማኅደሩ አልቆ ሞተ ማለት የማይመስል ነገር ነው። ጥፋቱ ከቤቱ ይልቅ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል ብሎ መነሣት ይሻላል።

ታዲያ መንገዱን እንዴት እንመርምር? ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ጫኚው መሣሪያና ቺፑ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ ቃላት ማወቅ ይጠቅማል። ኤቪአር በተባለው ቤተሰብ (ሐሳቡን በኖርዌይ የጠነሰሱት ሁለት ተማሪዎች፣ አልፍ-ኤይል ቦገንና ቬጋርድ ቮላን፣ እንደ ነበሩ እግረ መንገዳችንን እንናገር) ጫኚው በመጀመሪያ የቺፑን ሪሴት እግር ወደ ዜሮ ቮልት ይስባል። ቢያንስ 20 ሚሊሰከንድ ከጠበቀ በኋላ አራት ባይቶች ይልካል፤ በአሥርዮሽ ሲጻፉ 172፣ 83፣ 0፣ 0 ናቸው። ቺፑ በሕይወት ካለና ንግግሩን ከሰማ፣ ሦስተኛው ባይት በሚላክበት ጊዜ 83ን መልሶ ያስተጋባል። የመጀመሪያው ውይይት ይኸው ብቻ ነው። የገደል ማሚቶ ካልተሰማ ጫኚው «ዒላማው አይመልስም» ብሎ ያቆማል።

ማሚቶው ከተሰማ በኋላ ጫኚው የቺፑን መለያ ይጠይቃል። መለያው ሦስት ባይት ሲሆን ለኤትሜጋ328ፒ 30፣ 149፣ 15 ነው። የመጀመሪያው የሠሪውን ኩባንያ፣ ሁለተኛው የፍላሹን መጠን፣ ይኸውም 32 ኪሎ ባይትን፣ ሦስተኛው የቺፑን ዓይነት ያመለክታል። ተማሪዎቻችን ይህን መስመር ሳያነቡ ገጹን ይዘጉታል፤ እኛ ግን የሐኪም ቴርሞሜትር ያህል እንቆጥረዋለን። ሦስቱም ባይቶች 0 ወይም ሦስቱም 255 ከሆኑ የተናገረ የለም ማለት ነው፤ ጫኚው ያነበበው በአንድ ቮልቴጅ ላይ የቆመ መስመርን ነው፤ ስለዚህ ኃይል፣ መሬትና የመመለሻው ሽቦ ይመርመሩ። በየሙከራው የተለያየ ቍጥር የሚመጣ ከሆነ ቺፑ እየተናገረ ነው፣ ነገር ግን ንግግሩ ይቈራረጣል፤ የላላ ሽቦ፣ የረዘመ ገመድ ወይም ከልክ ያለፈ ፍጥነት ይጠርጠር። 30፣ 149፣ 20 ከመጣ ደግሞ ምንም ብልሽት የለም። ቺፑ ኤትሜጋ328 የሚባለው፣ በስሙ መጨረሻ «ፒ» የሌለው ወንድም ነው፤ ስሕተቱ ያለው እኛ ለሶፍትዌሩ በነገርነው ስም ላይ ነው። በዚህ አንድ ፊደል ምክንያት ሁለት ጤነኛ ቺፖች ወደ ሳጥኑ ተጥለው አግኝተናል።

ስለ ፍጥነት ጥቂት ማለት ይገባል። ኤትሜጋ328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ ያለውን የ8 ሜጋኸርትዝ ኦሲሌተር ለስምንት አካፍሎ በ1 ሜጋኸርትዝ ይሠራል። ጫኚው የሚሰጠው ምት ደግሞ ከቺፑ ፍጥነት ሩብ ማነስ አለበት፤ ማለትም ከ250 ኪሎኸርትዝ በታች። በ16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ከሚሠራ ቦርድ ጋር ሲጠቀሙበት የኖሩትን ጫኚ ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ከአዲስ ቺፕ ጋር ቢያገናኙት አዲሱ ቺፕ ንግግሩን መከታተል አይችልም። ጫኚው ጤነኛ ነው፣ ቺፑም ጤነኛ ነው፤ መግባባት ግን የለም።

ከዚህ የከፋው የፊውዝ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ፊውዝ የምንለው በቤታችን ቈጣሪ አጠገብ የሚቃጠለውን ሳይሆን የቺፑን ጠባይ የሚወስኑ ጥቂት ቢቶችን ነው። ከእነዚህ ቢቶች መካከል ቺፑ ምቱን ከየት እንደሚያገኝ የሚመርጡ አሉ። ተማሪው «የውጭ ክሪስታል» ብሎ ከመረጠና በብሬድቦርዱ ላይ ክሪስታል ከሌለ ቺፑ ምት አጥቶ ዝም ይላል፤ ምርጫውን ለማረም የሚላክለትንም ትእዛዝ አይሰማም። (በነዚህ ቢቶች ዘንድ 0 ማለት «በርቷል»፣ 1 ማለት «ጠፍቷል» መሆኑ ለስሕተት የተመቸ ነው፤ ይህን የወሰነው ሰው ተማሪ አስተምሮ የሚያውቅ አይመስለንም።) መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። በ28 እግሩ ቺፕ ላይ በ9ኛውና በ10ኛው እግር መካከል የ16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ማስገባት፣ ከሁለቱም እግሮች ወደ መሬት 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ማያያዝ፣ ከዚያም ፊውዙን ማስተካከል። ከሳጥናችን ከቀሩት አምስት ቺፖች ሦስቱ በዚህ መንገድ ተነሥተዋል።

እንደ አርዱይኖ ኡኖ ያለ የተዘጋጀ ቦርድ የሚጠቀሙ ተማሪዎች መንገዳቸው ሌላ ነው። በእነርሱ ዘንድ ኮምፒዩተሩ የሚነጋገረው በዩኤስቢ በኩል ሲሆን፣ በመካከል ሌላ አስተርጓሚ ቺፕ፣ በዋናው ቺፕ ውስጥ ደግሞ ፕሮግራም ተቀባይ የሆነ አነስተኛ ፕሮግራም አለ። መንገዱ ስለ ረዘመ መሐሉን መቍረጥ ያስፈልጋል። የሪሴቱን እግር ከመሬት ጋር አገናኝተን ዋናውን ቺፕ ዝም እናሰኘው፤ 0 እና 1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአንድ ሽቦ እናገናኝ፤ ከዚያም ከኮምፒዩተሩ ጥቂት ፊደላት እንላክ። ፊደላቱ ተመልሰው ከመጡ ገመዱ፣ ድራይቨሩና አስተርጓሚው ቺፕ ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ዋናው ቺፕ ይዞራል። ካልመጡ ዋናውን ቺፕ መንካት አያስፈልግም። ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ፣ የመረጃ ሽቦ የሌለው ገመድ ስንቱን ተማሪ እንዳደከመ ብንቈጥር ይገርማል። በ0 እና በ1 ላይ የብሉቱዝ ሞጁል ሰክቶ መርሳትም እንዲሁ።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። ቅሬታችን በተማሪዎች ላይ ሳይሆን በእኛ በመምህራን ላይ ነው። የቤተ ሙከራ ነጥብ የምንሰጠው መብራቱ ብልጭ ካለ ነው። ገመዱንም ኮምፒዩተሩንም ቺፑንም በአንድ ጊዜ ለውጦ በዕድል የተሳካለት ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፤ ከሦስቱ የትኛው ጥፋተኛ እንደ ነበረ ግን አያውቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በመልቲሜትር እየፈለገ የተበጠሰውን ሽቦ ያገኘችው፣ ሰዓቱ ስላለቀባት ግን መብራቱን ያላሳየችን ተማሪ ግማሽ ነጥብ ይዛ ትወጣለች። ከሁለቱ ፊዚክስ የሠራችው እርሷ ናት፤ መላ ምት አቅርባ፣ ለክታ፣ መላ ምቷን ጥላ ወይም አጽንታለችና።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «የክፍሉ ተማሪ ብዛት፣ የሰዓቱ ማጠር ይህን አይፈቅድም፤ በዚያ ላይ ጥሩውን ዕቃ በመጥፎው ቦታ ተክቶ መሞከር የታወቀ ዘዴ ነው» ይሉናል። ስለ ሰዓቱ እውነታቸውን ነው፤ እኛም መፍትሔው በሙሉ የለንም። ተክቶ መሞከርም ትክክለኛ ዘዴ ነው። ነገር ግን ሙከራ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ሲተካና የተጠረጠረው ዕቃ በሚሠራው ቦታ ላይ ተመልሶ ሲፈተን ነው። ያ ሁለተኛው ግማሽ ስለሚረሳ ነው ሳጥኑ በጤነኛ ቺፖች የሚሞላው። በሌላ በኩል ቺፕ ፈጽሞ አይሞትም ማለታችን አይደለም። ኃይሉን ገልብጠው ቢሰጡት ይቃጠላል፤ ከሳጥናችን አንዱ ኃይል እንደ ሰጠነው ጣት እስኪያቃጥል ስለ ጋለ ያለ ክርክር ጥለነዋል።

በበኩላችን በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ከተግባር ፈተናው አንዱን ክፍል ለመለወጥ ወስነናል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሆን ብለን ያበላሸነው አንድ ቦርድ እንሰጣለን። ነጥቡ የሚሰጠው ለተገኘው ብልሽትና ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ በደብተር ላይ በተራ ለተመዘገበው ልኬት ነው። መብራቱ ባይበራም ግድ የለንም።

ከ14ቱ ቺፖች አሁን በሳጥኑ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ምት ብንሰጠውም፣ ፍጥነት ብንቀንስም አልመለሰም፤ ነገር ግን አይግልም። የሪሴትን አገልግሎት የሚያጠፋው ፊውዝ ተመርጦበት ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፤ እንዲህ ከሆነ በተለመደው መንገድ አይሰማም፣ በ1ኛው እግሩ ላይ 12 ቮልት የሚሰጥ ልዩ ጫኚ ይፈልጋል። ያን ጫኚ ገና አልሠራነውም። ሊሠራው የሚሻ ተማሪ ካለ ቺፑ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ነው፤ «የተበላሹ» የሚለውንም ወረቀት ልጠን «ያልተመረመሩ» የሚል ለጥፈንበታል።