ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው አውሮፕላን

በየቤቱ ቁም ሳጥን አናት ላይ የማይሠራ፣ የማይጣል፣ ለሰውም የማይሰጥ ዕቃ የታጨቀበት ካርቶን አይጠፋም። የጠፋ ስልክ ቻርጀር፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ገመድ፣ ካሜራው ከተሸጠ በኋላ የቀረ የካሜራ ቦርሳ። በታላቅ ወንድሜ ቤት ካርቶን ውስጥ ደግሞ አንድ ጆይስቲክ አለ። ከታች ሰፊ መቀመጫ፣ ከላይ ለጣት የሚሆን ቀይ ቁልፍ ያለው፣ የአውሮፕላን መሪ የሚመስል ጥቁር ዱላ ነው። በ1987 ዓ.ም. ከዋሽንግተን መጥቶ የነበረ የአክስታችን ልጅ ከኮምፒዩተሩ ጋር ትቶለት የሄደው ነው። ኮምፒዩተሩ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ዱላውን ለዚህ አምድ ያበቃው የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ማለፊያ ነጥብ አላመጣም። አባቱ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ውጤቱ የታወቀ ዕለት ቤቱ ውስጥ ተጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ተባለ። የከበደው ዝምታው ነው። የወንድሜ ባለቤት፣ "ጨው አቀብለኝ እንኳ በእኔ በኩል ነው የሚባባሉት" ብላኛለች። ልጁ ሥራ ፈትቶ ካርቶኑን ሲበረብር ዱላውን አገኘና ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። "አጎቴ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?"

ይሠራል። የሚያስቸግረው መሰኪያው ነው።

መሰኪያው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 15 እግሮች አሉት፤ በአንዱ ረድፍ 8፣ በሌላው 7። የድሮ ስክሪን መሰኪያም 15 እግር ስላለው ብዙ ሰው ያምታታዋል። የስክሪኑ ግን በሦስት ረድፍ የተደረደረ ስለሆነ ረድፉን መቁጠር ይበቃል። ይህን መሰኪያ አይቢኤም ያመጣው በ1981 ነው፤ የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣበት ዓመት መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ ሳውንድ ብላስተርን የመሳሰሉ የድምፅ ካርዶች በጀርባቸው ይዘውት መጡ። ዩኤስቢ ከተስፋፋ በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ድጋፉን አቋረጠ።

ውስጡ ግን ሲበዛ ቀላል ነው። ዱላው ሁለት ተለዋዋጭ ሬዚስተሮችን ያዞራል፤ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ ሌላው ለፊትና ኋላ። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ውስጥ ያለው ዕቃ ዘመድ ነው። ዱላው ወደ ግራ ጫፍ ሲሄድ ሬዚስታንሱ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል፤ ወደ ቀኝ ጫፍ ሲሄድ ወደ 100 ኪሎ ኦም ይጠጋል። የአናሎግ ጆይስቲክ ምስጢሩ ይኸው ነው። ትንሽ ስትነካው ትንሽ፣ ብዙ ስትገፋው ብዙ ይናገራል። የአታሪ ጨዋታ ዱላዎች ግን በየአቅጣጫው ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስለነበሩ ከ"አለ" እና "የለም" ሌላ ቋንቋ አያውቁም።

የድሮው ኮምፒዩተር ይህን የሚያነብበት መንገድ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሬዚስታንሱን በቀጥታ አይለካም፤ ጊዜ ነው የሚለካው። ቧንቧ ሥር ጀሪካን ደቅነን እስኪሞላ እንቁጠር። ቧንቧው ወለል ብሎ ከተከፈተ ቶሎ ይሞላል፤ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ይዘገያል። ጆይስቲኩ ቧንቧው ነው፤ ጀሪካኗ ካርዱ ላይ ያለች ትንሽ ካፓሲተር ናት። ኮምፒዩተሩ "ጀምሪ" ይልና እስክትሞላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። በግራ ጫፍ 24 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በቀኝ ጫፍ ከ1,100 ማይክሮ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ጣጣው ያለው ቆጣሪው ላይ ነው፤ ፈጣን ኮምፒዩተር በዚያው ጊዜ ውስጥ ብዙ ይቆጥራል። በ4.77 ሜጋኸርትዝ ለሚሠራው ለ1981ዱ ማሽን የተጻፈ ጨዋታ፣ ፈጣን ማሽን ላይ ሲጫን ዱላው የት እንዳለ ሊጠፋበት ይችላል። የድሮ ጨዋታዎች "ዱላውን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ወስደህ ቁልፉን ተጫን፣ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ወስደህ ተጫን" እያሉ ሰው የሚያሰለቹበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዱላውን ከዛሬ ኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መሰኪያውን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ዝግጁ ዕቃ መግዛት ነው። መርካቶ ሦስት ሱቅ ጠየቅን፤ ሁለቱ የስክሪን ገመድ አመጡልን፣ ሦስተኛው ሳቀ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ሊያስመጣው ይችላል፤ ለተራ ዱላ ይበቃል። ነገር ግን እንደ ማይክሮሶፍት ሳይድዋይንደር ፕሪሲሽን ፕሮ ያሉት፣ መሰኪያቸው ያው ቢሆንም ንግግራቸው ዲጂታል ስለሆነ በተራው መቀየሪያ አይሠሩም። ከመግዛት በፊት የዱላውን ሆድ ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል።

ሁለተኛው መንገድ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ራስ መሥራት ነው። የልጁ ጓደኛ ኢንጂነሪንግ ስለሚማር አንድ ፕሮ ማይክሮ ነበረው፤ አዋሰን። ፕሮ ማይክሮና ሊዮናርዶ የሚባሉት ራሳቸውን ለኮምፒዩተሩ "እኔ ጆይስቲክ ነኝ" ብለው ማስተዋወቅ ይችላሉ። በየቦታው የሚገኘው ኡኖ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም።

ከሁሉ በፊት ጽዳት። ካቻቢቴ አምጥተን መቀመጫውን ከፈትነው፤ የሃያ ዓመት አቧራ ነበር። ሬዚስተሩ ሲቆሽሽ ዱላው ሳይነካ ቁጥሩ ይዘላል፤ ቴስተር ሰክቶ ዱላውን በቀስታ ሲያንቀሳቅሱት ንባቡ መንገድ ላይ ድንገት ከዘለለ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ጠብ አድርጎ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ማመላለስ ነው። የበር ማጠፊያ የሚቀባበት ዘይት ግን ቅባቱ አቧራ ስለሚሰበስብ አይሆንም። የእኛው ከጽዳቱ በኋላ ከዜሮ እስከ 100 ኪሎ ኦም አካባቢ ሳይዘል ሄደ።

አገናኙም ረጅም አይደለም። 1ኛው እግር 5 ቮልት ይቀበላል፣ 4ኛው ግራውንድ ነው። 3ኛው ግራና ቀኝን፣ 6ኛው ፊትና ኋላን ያወጣል። 2ኛውና 7ኛው ሁለቱ ቁልፎች ናቸው። ሰሌዳው እንደ ድሮው ካርድ ጊዜ ሳይሆን ቮልቴጅ ስለሚለካ፣ ከ3ኛውና ከ6ኛው እግር ወደ ግራውንድ ለየብቻ ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መጨመር ያስፈልጋል። ልጁ በየደው፤ እጁ ከእኔ ይሻላል።

ጨዋታው በፍሎፒ ነበር፤ የ1993ቱ ፍላይት ሲሙሌተር 5። በተዋስነው የፍሎፒ ማንበቢያ ቀዳነውና ዶስቦክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ከፈትነው። ዶስቦክስ በዘመናዊ ኮምፒዩተር ውስጥ የድሮ ኮምፒዩተር መስሎ የሚሠራ ነው፤ የጀሪካኗን ቆጠራ ሳይቀር ይመስላል። ዱላው በራሱ እየተንሸራተተ ካስቸገረ፣ በማስተካከያ ፋይሉ የጆይስቲክ ክፍል ውስጥ ታይምድ የሚለውን መስመር ከትሩ ወደ ፎልስ ቀይሮ መሞከር ነው።

ሴስናዋ ተነሣች። ዱላውን ማንም ሳይነካው ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ አፍንጫዋንም ሽቅብ ቀሰረች። ታይምድን ቀየርን፤ ያው ነው። ሬዚስተሩን እንደገና አጸዳን፤ ያው ነው። ቆሻሻ ቢሆን ንባቡ ይዘል ነበር፤ ይሄ ግን ጸንቶ የሚያዘነብል ነው።

ወንድሜ ሶፋው ላይ ዜና እያየ ነበር፤ እያየ የነበረ መሰለን። "በጎኑ ያለችውን ጎማ አዙራት" አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ። ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም። እኔ ዝም አልኩ። ልጁ ጎማዋን አዞራት፤ የዱላውን ማረፊያ የምታስተካክል ናት፤ አውሮፕላኑም ቀጥ አለ።

"ይኸው" አለ ወንድሜ።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። "አባዬ፣ ቀጥ አለ እንጂ አልተስተካከለም። ወደ ግራ ስነካው ይገለበጣል፤ ወደ ቀኝ ግን በግድ ነው የሚዞረው።" ጎማዋን ወደ ነበረችበት መልሶ ሰሌዳው የሚያነባቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፈ። ግራ ጫፍ 1023፣ መሃል 682፣ ቀኝ ጫፍ 512፤ አንድ ሁለት ወዲህ ወዲያ ይላል። ከግራ እስከ መሃል 341 ደረጃ አለ፣ ከመሃል እስከ ቀኝ 170 ብቻ። ዱላው ግን በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚሄደው።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ መጣ። ወረቀቱን አየ፣ ገመዱን አየ፣ የጨመርነው ሬዚስተር የት እንደተበየደ ጠየቀ። ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ከላይ 100፣ ከታች 100 ሲደመር ር ብሎ ጻፈ።

"ይሄ እኮ ክፍልፋይ ነው" አለ። "ር የዱላው ሬዚስታንስ ነው። የት ነው ያለው?"

"ታህት ውስጥ።"

"ታህት ውስጥ ያለ ተለዋዋጭ ቀጥታ መስመር ይሰጥሃል?"

ልጁ ትንሽ ቆየና፣ "አይሰጥም። ይጎብጣል" አለ።

"በል ር'ን አውጣት።"

እኔ ሻይ ልጠጣ ወደ ማዕድ ቤት ሄድኩ። የወንድሜ ባለቤት ምጣዱን ትታ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ስመለስ ወረቀቱ ሞልቶ ነበር። አንድ ጊዜ ተሰርዟል፣ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ ከታች በልጁ እጅ ጽሑፍ፣ ር እኩል ነው 100 ሲባዛ በቅንፍ 1023 ሲቀነስ ንባቡ፣ ሲካፈል ለንባቡ፣ የሚል ተጽፏል። ወንድሜ 682ን አስገባ አለው። ከ1023 ላይ 682 ሲቀነስ 341፤ 341 ለ682 ሲካፈል ግማሽ፤ በ100 ሲባዛ 50። የ100 ትክክለኛ መሃል። ቀኙን 512ን ቢያስገቡት ከ100 ትንሽ ጎደለ፤ ግራው ዜሮ ሆነ።

ያችን አንዲት መስመር ሰሌዳው ላይ ጨመረና ጫነው። ከዚህ በኋላ ለኮምፒዩተሩ የሚላከው ቮልቴጁ ሳይሆን ከቮልቴጁ የተሰላው ሬዚስታንስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዱላው ጋር እኩል ይሄዳል። ለፊትና ኋላውም ያው ቀመር ይሠራል።

ጨዋታው የሚጀምረው ሚግስ ፊልድ ከሚባል የቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ መንደርደሪያ ብቻ። እውነተኛው ዛሬ የለም። በ2003 መጋቢት መጨረሻ የከተማዋ ከንቲባ በሌሊት ቡልዶዘር ልከው መንደርደሪያውን አስቆፈሩት። ይህን ስነግራቸው ወንድሜ፣ "ስንት ጊዜ አርፌበታለሁ መሰለህ" አለና ዱላውን ከልጁ ተቀበለ።

ተነሥቶ በሐይቁ ላይ አንድ ዙር ዞረ፤ አላዘነበለም። ሲያርፍ ግን መንደርደሪያውን ስቶ ውኃው ውስጥ ገባ። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። "ፍጥነት በዛ እኮ፣ አባዬ።" "እስቲ አንተ አሳርፈው" አለው።

አሁን የቀረን ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ ሁለቴ ካልተጫኑት አይሰማም። ልጁ ውስጡ ያለው ብረት ዝጓል ይላል፤ አባቱ ብየዳው ነው ይላል። ቅዳሜ ቴስተሬን ይዤ እንድመጣ ሁለቱም በየስልካቸው ደውለውልኛል።