«ቀላል ናት፣ አትጨነቂ»

ከዚህ ገጽ ስጠፋ «ምነው፣ ደህና ናት?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ነኝ። እንግሊዝ አገር ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ተቀምጬ መመለሴ ነው። ስለ አገሩ ዝናብ የሚያወራ ሰው ሞልቷልና እሱን ልተወው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከቤቱ ጎን ስላለች አንዲት ጠባብ የመኪና ማደሪያና እዚያ ውስጥ ስላየሁት ነገር ነው።

ልጄ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስበት ጨዋ መኪና አለው። ከእሷ ሌላ ደግሞ ጨርቅ ለብሳ የምታድር ሁለተኛ መኪና አለችው። በደረስኩ በማግስቱ ጨርቁን ገልጦ ሲያሳየኝ የሳቅሁትን ሳቅ ምራቴ እስካሁን ታወራዋለች። በር የላትም። ጣሪያ የላትም። ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አያልፍም። የፊት ጎማዎቿ ከገላዋ ውጭ እንደ ፌንጣ እግር ተዘርግተው፣ በላያቸው ትንንሽ ፓራፋንጎ ደፍተዋል። «ይሄማ ጎማ ያለው መታጠቢያ ገንዳ ነው» አልኩት። «ኬተርሃም ሰቨን ትባላለች እማዬ» አለኝ፣ የሚያገባትን ልጅ እንደሚያስተዋውቅ ሰው ኮራ ብሎ።

ታሪኳን እየቆየሁ ሰማሁ። የሎተስ ኩባንያ መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን በፈረንጆች 1957 «ሎተስ ሰቨን» ብሎ ያወጣት መኪና ናት። ሐሳቡ አጭር ነው፤ የማያስፈልገውን ክብደት ሁሉ ቀንስ፣ ያኔ ትንሽ ሞተርም ታስሮጣታለች። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ተገጣጥማ ያለቀች መኪና የሚገዛ ሰው ከባድ የግዢ ግብር ነበረበት፤ ዕቃዋን ለየብቻ ገዝቶ ቤቱ ለሚገጣጥም ግን ግብሩ ቀረ። ስለዚህ ሰዉ መኪና በሳጥን እየገዛ በየጓሮው መግጠም ጀመረ። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ ኩባንያው የመፍቻ መመሪያ ይሰጥና ደንበኛው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር እየተባለም ይወራል። (መላ የሚያውቀው ሐበሻ ብቻ ነው ያለ ማነው?) በ1973 የመሥራት መብቱ ወደ ኬተርሃም ዞረ፤ ዛሬም ድረስ ለሚፈልግ ሰው በሳጥን ይሸጧታል።

የልጄን መኪና የገጠማት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ያገለገለች ገዛት። በጓሮ የተገጠመች ነገር የምትጠገነውም በጓሮ ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ቱታውን ለብሶ ይገባል። የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ይከተለዋል።

እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር ትንሽ ነው። ስለ ሕመምተኛ ግን ከ30 ዓመት በላይ ተምሬያለሁ፤ ልጄ ደግሞ ያቺን መኪና የሚይዛት እንደ ሕመምተኛ ነው። አጥንቷ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ በላዩ የአሉሚኒየም ላሜራ በሪቬት ተመትቶበታል። ቱቦው ላይ ያለው ቀለም አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባና ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ይሄዳል። በባትሪና በትንሽ መስታወት እየፈለገ፣ ያበጠውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ገፍፎ እንደገና ሲቀባ አየሁት። የመኝታ ቁስልም እንዲሁ ነው፤ ላዩ ትንሽ መቅላት፣ ሥሩ ሌላ ታሪክ።

መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ንዝረቷ ብዙ ነው፤ ንዝረት ደግሞ ዳዶ ያላላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቡሎን ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ ካጠበቀ በኋላ ዳዶውንና ብረቱን የሚያገናኝ ቢጫ የቀለም መስመር ያሰምርበታል። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ይኼን ሳይ ደስ አለኝ። እኛ ነርሶች «ያልተጻፈ አልተደረገም» እንላለን። መድኃኒቱን ሰጥቶ ካርዱ ላይ ያልፈረመ ነርስ የሚቀጥለውን ተረኛ ያሳስታል።

የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይለውጠዋል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ፍሬን ሲግል ይፈላና መርገጫው ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ የማይጠቀመው። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ይበላዋል። ጎማዋን ደግሞ በጥርሱ ብቻ አይመዝናትም፤ በዓመት ጥቂት ቀን ስለምትነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ይቺ ለእናንተም ትጠቅማለች። ከጎማችሁ ጎን አራት አሃዝ ፈልጉ፤ «2319» ካለ በ2019 ዓ.ም. በፈረንጆች በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኛ ሰፈር ታክሲዎችን ከመጣሁ በኋላ ማየት ጀምሬያለሁ፤ ያየሁትን አልነግራችሁም።

የልጅ ልጄ አማርኛ አይችልም ማለት ይቻላል። «ደህና ነሽ አያቴ» ብሎ ያቆማል። ጋራዥ ውስጥ ግን ልጄ ዕቃ ሲጠይቀው በአማርኛ ነው። «ካቻቢቴ!» ይለዋል፣ ልጁ ያቀብላል። «ፒንሳ!» ያቀብላል። «ዳዶዋ የታለች?» አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥቶ፣ ጣቶቹን እየቆጠረ፣ ሃያ ያህል የአማርኛ ቃል ነገረኝ። ግማሾቹ ከጣሊያን የመጡ መሆናቸውን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ልጄ ቃላቱን የተማረው ከአባቱ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቮልስ ነበረችው። እሁድ እሁድ ግቢያችን ውስጥ ፈትቶ ይገጥማታል፤ ይኼ ዛሬ ሽበት የጀመረው ልጄ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ቁልፍ ያቀብላል። እንግሊዝ አገር ያንን በር ከፍቼ አባትና ልጅ ተደፍተው ባየሁ ቁጥር እንባዬ እየመጣ ሻይ አፈሳለሁ እል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ቡና ይዤ ገባሁ። መኪናዋ ከኋላ ተነስታለች። ከሥሯ የሚታየኝ የልጄ እግር ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ ጎኑ ተንበርክኮ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ ባትሪ ያበራለታል። ከኋላ ያሉት ብረቶች የሚጋጠሙባት አንዲት ላስቲክ ማለቅ አለማለቋን እያዩ ነው። መኪናዋን የያዛት አንድ ክሪክ ነው። ሌላ ምንም የለም።

አልጮህኩም። የጮሁበት ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ይመታል። ትሪውን አስቀምጬ «ቡና ደርሷል፤ ሁለታችሁም ቀስ ብላችሁ ውጡ» አልኩ። ወጡ። ከዚያ «ስንት ኪሎ ናት?» አልኩት። «500 ገደማ። ቮልስ እንኳ 800 ገደማ ናት። ቀላል ናት፣ አትጨነቂ» አለኝ።

«አምስት ኩንታል ጤፍ ደረትህ ላይ ቢወርድ ቀላል ነው?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሥራ ዘመኔ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ የመጣ አንድ ወጣት አለ። ታክሲ ሲጠግን ክሪኩ ተንሸራቶበት ጓደኞቹ አንስተው አመጡት። ደም የለም። ደረቱ ላይ ጭረት እንኳ አይታይም፤ ፊቱና አንገቱ ግን ጠቁሯል። ሰው የሚተነፍሰው ጎድኑ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ክብደት ከተጫነበት አጥንት ባይሰበርም አየር አይገባም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እሱን ማትረፍ አልቻልንም። ከዚህ ሁሉ የማይረሳኝ ግን ታናሽ ወንድሙ ነው። ቁልፍ እያቀበለው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሳየው ቁልፉን ከእጁ አልለቀቀውም።

ይኼን ስነግረው ልጄ ዝም አለ። ቆይቶ «አባዬም እኮ በክሪክ ብቻ ነበር የሚገባው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ግቢው ነበር፤ በየእሁዱ አየው ነበር። ነርስ ነበርኩ። ያ ወጣት የመጣውም ልጄ አንደኛ ክፍል ሳይገባ ነው። አንድም ቀን ወጥቼ «ውጣ» አላልኩትም። የወንድ ሥራ ነው ብዬ ነው? ይቆጣል ብዬ ነው? እግዜር ጠብቆልኛል እንጂ እኔ አልጠበቅኋቸውም።

ልጄ ያን ዕለት ከሰዓት ሄዶ ከፍታቸው የሚስተካከል አራት የብረት ማቆሚያዎች ገዝቶ መጣ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም። ውስጡ ያለው ዘይት ማሸጊያው ካረጀ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መሬቱ ትንሽ ካዘነበለም ይንሸራተታል። አሁን የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ያቆሟታል፤ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይደግፏቸዋል። ካነሷት በኋላ ማቆሚያዎቹን ከቱቦው ጠንካራ ቦታ ሥር እንጂ ከስሱ ላሜራ ሥር አያደርጉም። ክሪኩን ዝቅ አድርገው ክብደቷን ማቆሚያዎቹ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ፣ ማንም ከመግባቱ በፊት፣ ከጎን ይዘው ይነቀንቋታል። የተፈታው ጎማ ደግሞ ሜዳ ላይ ከሚጋደም ከሥሯ ይገባል፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ የሚቀር ክፍተት ነው። የእኛ አገር ሰው በብሎኬት ይደግፋል። ብሎኬት ሳይነግራችሁ ነው የሚፈርሰው፤ እባካችሁ ተዉት።

ለልጁ አንድ ሕግ አወጣን፤ መኪናዋ በተነሳችበት ጊዜ ከሥሯ ጣትም አይገባም። ባትሪ የሚያበራው ከውጭ ነው። ሥራው ግን አልቀነሰም። መነቅነቁ የእሱ ነው። ምራቴ ጭራሽ እንዳይገባ ፈልጋ ነበር፤ እናት ናትና አልፈረድኩባትም። እኔ ግን ካባረርነው ከአባቱ ጋር ያለችውን ያቺን ቅዳሜ አብረን እንደምናባርር ነገርኳት።

ሌላው ጉዳይ የታናሽ እህቱ ነው። የዚህች መኪና ማርሚታ ሥሯ ሳይሆን ጎኗ ላይ ነው፣ ልክ ሰው እግሩን አንስቶ በሚገባበት። ልጄ ባቱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አሳይቶኛል፤ ባለቤቶቿ እንደ ንቅሳት ይቀልዱበታል አሉ። የ7 ዓመቷ ልጅ ቁምጣ ለብሳ ከመኪናዋ ስትወርድ ባቷ ነካው። ጩኸቷ ሰፈሩን አናጋው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ «ቅቤ ቀቡላት!» ትላለች። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም፣ ሊጥም አይሆንም፤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል፣ ቆሻሻ ያስገባል፣ ቁስሉንም ለሐኪሙ ይሸፍናል። ከቧንቧ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ሰዓት ይዛችሁ፤ 20 ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ መቆም ረጅም ነው። በረዶ አይደለም። ቧንቧው ከሄደ በጆግ ቀስ እያላችሁ ንጹሕ ውሃ አፍስሱ። ከተቃጠለች ብዙ ደቂቃ ቢያልፍም፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ውሃው ይጠቅማልና «አሁንማ አለፈ» አትበሉ። የቀረውን ገላዋን በጋቢ ሸፍኑ። ከዚያ ምግብ የሚሸፈንበትን ስስ ላስቲክ ሳታጠብቁ አልብሱት፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ቃጠሎው ከተቃጠለው ሰው መዳፍ ከበለጠ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መጋጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ከነጣ ወይም ከከሰለ፣ የኬሚካል ወይም የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ከሆነ ሐኪም ቤት። የእኛዋ ከመዳፏ ያነሰ ነበርና ቤት ዳነች። አሁን ለጓደኞቿ እያሳየች ነው።

የቀረውን ባጭሩ። በሩ ተዘግቶ ሞተር አይነሳም፤ የጭሱ መርዝ ያው የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ነውና በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ያለ ቦታ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ የጠጡ ልጆች ስንት ጊዜ እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

ከመመለሴ በፊት መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራዋን አለፈች፤ እኛ ለቦሎ እንደምንመረመረው ያለ ነው። ልጄ አንድ ዙር አስነዳኝ። ገብቼ መቀመጡን እግዜር ረድቶኝ ቻልኩት፤ መውጫው ላይ ግን ሁለት ሰው ጎተተኝ። መሬቱ ከመቀመጫዬ ሥር የስንዝር ያህል ሆኖ ይሮጣል። ዳግመኛ አልገባም። ልጁ ግን «አያቴ፣ ጥሩ?» አለኝ፣ «ጥሩ» አልኩት።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንሰነባበት ልጄ የጠየቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የአባቱን የቁልፍ ሳጥን እንድልክለት። ትናንት ከአልጋው ሥር አውጥቼ መዘንኩት፤ 14 ኪሎ። በሚመጣው ወር የሚሄድ ዘመድ አለኝ፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼለት ነበር። አሁን የትኛው እንደሚቀር ለምራቴ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ነው።