ቢሮ የሌለው ሻጭና የአየር ጤናው ነጋዴ፦ የዲጂታል ኩባንያዎች ታክስ እና የአገር ገጽታ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ባለው መስመር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ከገቢው ላይ ግብር ይከፍላል፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገበም ታክስ ከሚከፈልበት ሽያጩ 15 በመቶ ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባል። ይኸው ነጋዴ ዕቃውን በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያስተዋውቅ ግን ክፍያውን የሚቀበለው ኩባንያ በክፍለ ከተማው ቀርቶ በአገሪቱም ውስጥ ቢሮ ላይኖረው ይችላል።

የችግሩ ምንጭ የቆየ ዓለም አቀፍ የታክስ መርህ ነው። በመርሁ መሠረት የውጭ ድርጅት ለንግድ ትርፉ ግብር የሚጠየቀው በአገሪቱ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ሲኖረው ነው። ይህ የታሰበው ፋብሪካና መጋዘን በዐይን ይታዩ በነበረበት ዘመን ነው።

ኢትዮጵያ የተከተለችው አንዱ መንገድ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነዋሪ ያልሆኑ አቅራቢዎች በርቀት የሚሰጡትን አገልግሎት በታክሱ ሥር አካቷል። በመጨረሻ ታክሱን የሚሸከመው ተጠቃሚው መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። ሆኖም ታክስ ጨምሮ የሚሸጠው የአገር ውስጥ አቅራቢ፣ ታክስ በማይጠየቅ የውጭ ተወዳዳሪ በዋጋ እንዳይበለጥ ያደርጋል። በትርፍ ላይ የሚጣለውን ግብር ግን አይተካም።

ታላላቅ ኩባንያዎችን ግብር መጠየቅ የአገርን ገጽታ ያበላሻል የሚል ስጋት ይሰማል። ስጋቱ መሠረት አለው። ካናዳ የዲጂታል አገልግሎት ታክሷን በሰኔ 2017 ዓ.ም ለመሰረዝ የወሰነችው፣ አሜሪካ በዚሁ ታክስ ምክንያት የንግድ ድርድሩን ማቋረጧን ካስታወቀች በኋላ ነው። የኬንያ ልምድ ግን ሌላ ያሳያል። ኬንያ በ2013 ዓ.ም በጠቅላላ ሽያጭ ላይ 1.5 በመቶ ጣለች፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ደግሞ ከሽያጩ 10 በመቶውን እንደ ትርፍ ቆጥሮ 30 በመቶ በሚያስከፍል ሥርዓት ተካችው፤ ይህም ከሽያጩ 3 በመቶ መሆኑ ነው። ናይሮቢ ዛሬም በርካታ ዓለም አቀፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ቢሮ የከፈቱባት ከተማ ናት። የአገርን ስም የሚጎዳው ከታክሱ መኖር ይልቅ ሕጉ ተገማች አለመሆኑና ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው መላላቱ ነው።

በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ የራሷ ታሪክ አላት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም በከተማዋ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ፣ ታዳጊ አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሁሉም እኩል ድምፅ የሚኖራቸው የታክስ አካል እንዲቋቋም ጠይቀው በበለጸጉ አገሮች ተቃውሞ ሳይሳካ ቀርቷል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም፣ የአፍሪካ አገሮች ቡድን የታክስ ትብብር ስምምነት እንዲዘጋጅ ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤው ሁለተኛ ኮሚቴ በ125 ድጋፍና በ48 ተቃውሞ አለፈ። ድርድሩ ድንበር ተሻጋሪ የዲጂታል አገልግሎቶችን ይጨምራል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2027 ይጠበቃል። አሜሪካ ከድርድሩ ወጥታለች።

እስከዚያው የአገር ውስጥ ሕግ ሥራውን ይቀጥላል። የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከዲጂታል ይዘት ሥራ የሚገኝ ገቢ ግብር እንደሚከፈልበት ደንግጓል። በቤቴል ቪዲዮ ሠርቶ የሚለጥፍ ወጣት ድርሻውን ሲወጣ፣ ቪዲዮውን የሚያሰራጨው ኩባንያ ከዚሁ ገበያ በሚያገኘው ትርፍ ላይ ምን ይከፍላል ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ለንግድ ሥራቸው ከውጭ አቅራቢዎች አገልግሎት የሚገዙ ግብር ከፋዮች የክፍያ ደረሰኛቸውን እንዲይዙ፣ ስለ አፈጻጸሙም በተመዘገቡበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል።