ዘይት የጠገበ ሰንሰለት

ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ ስለ ብስክሌቱ አያያዝ የየራሱ ልማድ አለው። ጎማው ሲጎድል ይነፋል፤ ፍሬኑ ሲላላ ያጠብቃል፤ መቀመጫው ሲቀደድ ጨርቅ ያለብሳል። ሰንሰለቱ ሲንጫጫ ደግሞ ዘይት ያፈስበታል። ከእነዚህ ልማዶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነቀፋ የለባቸውም። አራተኛው ግን፣ ብዙ ሰው ትክክል ነው ብሎ ቢያምንበትም፣ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት ባደርገውም፣ ጥቅሙ ለአንድ ቀን፣ ጉዳቱ ግን ለዓመት የሚሆን አሠራር ነው። ሰንሰለት ከመቀባቱ በፊት መታጠብ አለበት፤ ከታጠበም በኋላ የሚቀባው ነገር አቧራ በሚበዛበት ወቅት ዘይት ከሚሆን ይልቅ ሰም ቢሆን ይሻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት ከነምክንያቱ ማቅረብ ነው።

በመምህርነት ሥራ ላይ ሳለሁ የምኖረው በባሕር ዳር ነበር። ከተማዪቱ በጣና ሐይቅ ዳርቻ በተንጣለለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ለብስክሌት እጅግ ትመቻለች፤ ባጃጅ እንደ ዛሬው ሳይበዛ፣ ተማሪውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ እህል ወደ ወፍጮ የሚያመላልሰውም በብስክሌት ይጓዝ ነበር። እኔም እንዲሁ። በየእሑዱ ማለዳ ከአንድ ጋራዥ በጠርሙስ የለመንሁትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሰንሰለቱ ላይ አፈስስ ነበር። ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ መሬት ላይ ጥቁር ክብ ሲሠራ፣ ሰንሰለቱ «ጠገበ» እላለሁ። የሱሪዬ የቀኝ እግር ጫፍ ሳሙና የማያስለቅቀው ጥቁረት ነበረበት፤ እርሱንም የብስክሌተኛነት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር እንጂ የሰንሰለቱን በሽታ የሚናገር ምስክር መሆኑን አላስተዋልሁም።

አንድ ዓመት በሰኔ ወር መጀመሪያ የተማሪዎቼን የድርሰት ፈተና፣ እንደ ልማዴ ሁሉንም አንድ ጊዜ አንብቤ፣ ማርክ ግን ገና ሳልሰጥ፣ ወረቀቶቹን ከኋላ መጫኛው ላይ አስሬ ወደ ትምህርት ቤት እገሠግሥ ነበር። ፔዳሉን አጥብቄ በረገጥሁበት ቅጽበት ሰንሰለቱ ተበጠሰ። እግሬ ባዶውን ወረደ፤ እኔም ወደቅሁ። ወረቀቶቹ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ወደ ሞላው ቦይ ተበተኑ። መንገደኞች ተሯሩጠው ለቀሙልኝ፤ የአንዲት ተማሪ ወረቀት ግን ቀለሙ ታጥቦ አንድም የሚነበብ ቃል አልቀረበትም። ልጅቷ እንደገና ተፈተነች። ሁለተኛው ድርሰቷ ከፊተኛው ያነሰ ነበር፤ የፊተኛውን ያነበብሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ይህን የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

የተበጠሰውን ሰንሰለት ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ሄድሁ። እርሳቸውም አዲስ ሰንሰለት አወጡና አሮጌውንና አዲሱን በሁለት ምስማሮች ላይ ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። የመገጣጠሚያዎቻቸው ቍጥር እኩል ሆኖ ሳለ፣ አሮጌው ከአዲሱ በአውራ ጣት ወርድ ያህል ረዝሞ ተንጠለጠለ።

«መምህር፣ ይህ ሰንሰለት ተለጥጧል» አሉኝ።

«ዘይት አጉድዬበት አላውቅም እኮ፣ አባቴ» አልኋቸው።

«ዘይትማ ጠግቧል!» ብለው ከሰንሰለቱ ላይ ጥቁሩን ዝቃጭ በጣታቸው ጠረጉና በሁለት ጣቶቻቸው መካከል እያሹ ወደ ጆሮዬ አስጠጉት። እንደ ደቃቅ አሸዋ ሲንኳሸሽ ይሰማ ነበር።

አዲሱን ሰንሰለት ገጠሙልኝ። ይሁን እንጂ በአሮጌዎቹ ጥርሶች ላይ እየዘለለ አላስኬድ አለኝ፤ ጥርሶቹ ከረዘመው ሰንሰለት ጋር አብረው ተበልተው እንደ መንጠቆ ሾለው ነበርና። ስለዚህ ከሰንሰለቱ ሌላ የፊቱንም የኋላውንም ባለ ጥርስ ክብ ብረት መግዛት ግድ ሆነብኝ። በነፃ ያገኘሁት የተቃጠለ ዘይት የወር ደመወዜን ሩብ ወሰደ።

ሽማግሌው «ተለጥጧል» ያሉት ቃል በሙያው የተለመደ ነው፤ ነገሩን ግን በትክክል አይገልጽም። ብረቱ እንደ ጎማ አይለጠጥም። ዛሬ በብስክሌቶች ላይ የምናየውን ዓይነት ሰንሰለት የሠራው በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሬኖልድ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1880 ነበር። በዚህ ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ፒን አለው፤ ፒኑም በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል፤ በውጭ በኩል ደግሞ በጥርሶቹ መካከል የሚያርፍ ትንሽ ተሽከርካሪ ቀለበት አለ። ሰንሰለቱ ጥርሶቹን በዞረ ቍጥር እያንዳንዱ ፒን በቀዳዳው ውስጥ ይታሻል። መታሸቱ ፒኑንም ቀዳዳውንም ቀስ በቀስ ይበላል። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚበላው አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው እንበል፤ 110 መገጣጠሚያዎች ባሉት ሰንሰለት ላይ ግን ይህ ሲደመር 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርዝመት ሆኖ የሚታየን እንግዲህ የብዙ ትናንሽ ጉድለቶች ድምር ነው።

ይህን ማንኛውም ተማሪ በማስመሪያ ሊያረጋግጠው ይችላል። በአዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ቀጣዩ ፒን መካከል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ፒን ተነሥቶ 24 መገጣጠሚያ ቢቈጠር ርዝመቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልኬቱ 306.3 ያህል ከደረሰ፣ ማርሽ ለሚቀያይር ብስክሌት ሰንሰለቱን መለወጥ ይገባል፤ 308 ከቀረበ ደግሞ አንድ ማርሽ ብቻ ያለውም ብስክሌት ቢሆን ጥርሶቹን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። እኔ ይህን ልኬት የምሰጠው የሂሳብ መምህር ስላልሆንሁ በድፍረት ነው፤ ማስመሪያ ያለው ሰው ግን ሊያርመኝ ይችላል።

እንግዲህ ፒኑን ከጊዜው በፊት የሚበላው ምንድን ነው? መልሱ በሽማግሌው ጣቶች መካከል የተሰማው ነገር ነው። በበጋ ወራት ከጥርጊያው መንገድ የሚነሣው አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል፤ ተጣብቆም ወደ ቀዳዳው ይሳባል። ዘይትና ደቃቅ አሸዋ አንድ ላይ ሲሆኑ ብረት መሞረጃ እንጂ ብረት ማለስለሻ አይደሉም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ከሞተሩ ውስጥ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራው ሳይመጣ አስቀድሞ ቈሽሾ ይገባል። በየሳምንቱ አዲስ ዘይት ማፍሰስ ይህን ዝቃጭ አያወጣውም፤ እያቀጠነ ወደ ውስጥ ያደርሰዋል እንጂ።

በዚህ ነገር ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ አስተማሪ ነው። ተመራማሪዎቹ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሰንሰለት እያዞሩ ሲለኩ፣ ከኃይሉ እስከ 98.6 በመቶ የሚሆነው ሳይባክን እንደሚተላለፍ አገኙ። የሚገርመው ግን ሰንሰለቱ መቀባቱና አለመቀባቱ በዚህ ውጤት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አለማምጣቱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቅባት አያስፈልግም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ቤተ ሙከራው ግን አቧራ የሌለበት ንጹሕ ክፍል ነበር። ተመራማሪዎቹም ራሳቸው የቅባት ዋና ሥራ በክፍተቱ ውስጥ ቦታ ይዞ ቈሻሻ እንዳይገባ መከልከል ነው የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። እኔ ይህን አስተያየት እቀበላለሁ፤ የክርክሬም ምሰሶ ይኸው ነው። ቅባት መመዘን ያለበት በሚያሳልፈውና በማያሳልፈው ነገር ነው፤ ዘይት እየሳበ ያሳልፋል፤ የረጋ ሰም ግን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፣ አቧራም አይጣበቅበትም።

በቋንቋ ትምህርታችን ሰም ማለት ላይ ላዩን የሚታየው ፍቺ፣ ወርቅ ማለት ደግሞ የተሰወረው ቁም ነገር መሆኑን ተምረናል። አነጋገሩ ከአንጥረኞች ሥራ የመጣ ነው፤ በዚያ ሥራ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይተካል። በሰንሰለት ሥራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀልጦ ወደ ውስጥ የሚገባውና የሚፈለገው ሰሙ ራሱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከማጠብ ነው፤ ሰም በቅባት ላይ አይዝምና። ሰንሰለቱ ማያያዣ ቍልፍ ካለው፣ ቍልፉን ፈትቶ ማውጣት ቀላል ነው። ሲመለስ የቍልፉ ዝግ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩን መዘንጋት አይገባም፤ ያለዚያ በጉዞ ላይ ይወልቃል። የወጣውን ሰንሰለት አፈ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከላምባ ጋር አድርጎ መነቅነቅ፣ ላምባው ሲጠቁር መለወጥ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም ነው። የጠቆረውን ላምባ መድፋት አያስፈልግም፤ ሲያድር ዝቃጩ ይወርድና ከላይ ያለው ለሌላ ጊዜ ያገለግላል። ወደ ቦይ ማፍሰስማ ጨርሶ አይገባም፤ በባሕር ዳር የቦይ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። በላምባ ፋንታ በቤንዚን የሚያጥቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ የቤንዚን ትነት ከሩቅ እሳት ስለሚስብ ይህ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። በመጨረሻ ላምባው ራሱ የሚተወውን ቅባት በሙቅ ውኃና በሳሙና አስለቅቆ፣ ወዲያው ጠርጎ፣ ዝገት ሳይቀድም በፀሐይ ማድረቅ ያሻል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ግማሽ ኪሎ ያህል ፓራፊን ሰም ነው። ይህ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሰሙ ያለበት ጣሳ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ ይቀመጥና ውኃው ይፈላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሰሙን ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ሲሆን እሳት ለማስነሣት ግን ፈጽሞ አይደርስም። እንዲያም ሆኖ ክዳን አጠገብ መኖር አለበት፤ የሚነድድ ሰም በክዳን ይታፈናል እንጂ ውኃ አይደፋበትም። የደረቀው ሰንሰለት በቀለጠው ሰም ውስጥ ሲገባ ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ፤ እነርሱም ከየቀዳዳው የሚወጣው አየር ናቸው። በሽቦ እያንቀሳቀሱ አረፋው እስኪያበቃ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሰሙ ጥቂት ሲበርድ አውጥቶ መስቀል። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይገተራል፤ ነገር ግን በእጅ አጠፍ አጠፍ ሲያደርጉት መገጣጠሚያዎቹ ተራ በተራ ይፈታሉ። በእጅ ቢያሹት ጣት አያጠቍርም። እኔ መጀመሪያ ይህን ባየሁ ቀን ሱሪዬን ሳልጠቀልል ወጣሁ።

ሽማግሌው ብስክሌት ጠጋኝ ይህን ሁሉ ስነግራቸው በትዕግሥት አዳምጠው፣ «መምህር፣ ይህ ሥራ ጊዜ ላለው ሰው ነው» አሉኝ። በየቀኑ ዕቃ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ለአንድ ሰንሰለት ሲል ላምባ፣ ሰም፣ ከሰልና አንድ ሙሉ ከሰዓት ከየት ያመጣል? ደግሞስ ክረምት ሲገባ ሰሙ ምን ይሠራል? በሁለተኛው ነገር ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። ሰም በደረቅ መንገድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይቈያል፤ ዝናብና ጭቃ ግን ቶሎ ያራግፉታል፣ ከዝገትም እንደ ዘይት አይጠብቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም እኔ ራሴ ወደ ዘይት እመለሳለሁ። በመጀመሪያው ነገር ግን በግማሽ ብቻ እስማማለሁ። አድካሚው የመጀመሪያው እጥበት ነው፤ አንዴ ሰም የለመደ ሰንሰለት ሁለተኛ ላምባ አይፈልግም፤ የፈላ ውኃ ሲፈስበት አሮጌው ሰም ከነቈሻሻው ይወርዳል። ለዚህም ጊዜ የሌለው ሰው ሰንሰለቱን በላምባ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ቀጭንና ንጹሕ ዘይት አኑሮ፣ ጥቂት ካዞረው በኋላ በውጭ የተረፈውን መልሶ ይጥረገው። ጥቅም የሚሰጠው ውስጥ የገባው ነው፤ በውጭ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም። ይህ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሽማግሌው ሰም አላቀለጡም፤ ዘይታቸውንም አልተዉም። ነገር ግን ከተማዪቱን ለቅቄ ከመሄዴ በፊት ልሰናበታቸው ስሄድ፣ ከዘይቱ ጣሳ አጠገብ ላምባ የያዘ ሌላ ጣሳና አንድ ቡትቶ ጨርቅ ተቀምጦ አየሁ። አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ሰንሰለቱን ዘይት እንዲያጠጡለት ሲጠይቃቸው፣ ጨርቁን በእጁ ሰጡትና «መጀመሪያ ጥረግ» አሉት።