ምደባው ሲነገረን ብርዱም ይነገረን
ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ክቡር ሚኒስትር፣

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ በምደባ ወደ ደጋ የተላክሁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ብርድ ነው። የምማርበትን ተቋም ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው የአንድ ግቢ ጉዳይ አይደለምና።

ደጋ ላይ ከባዱ ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ያድራል። ቀን የሞቀው መሬት ሙቀቱን የሚያቆይለት ደመና ስለሌለ፣ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ለምሳሌ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በከፍታው ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ከ500 ሜትር በታች ካለችው ከሰመራ ለሚመጣ ልጅ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ለእኛ ግን አይነገረንም። የጥሪ ማስታወቂያው የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዘን እንድንገባ ያዛል። እናቴ ዝርዝሩን ይዛ ገበያ ወጣች፤ የገዛችልኝ ብርድ ልብስ ለድሬዳዋ ሌሊት የሚበቃ ስስ ነበር። ልጇ የምትሄድበት አገር እንዴት እንደሚበርድ የነገራት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯችን ይህን ይመስላል። የምንተኛው ሹራብና ጃኬት ደርበን፣ ካልሲ አጥልቀን ነው። ጠዋት ለሻይና ለዳቦ ካፌ ስንሰለፍ ሚል ካርድ የያዘው ጣታችን ደንዝዞ ነው፤ የሁለት ሰዓቱን ክፍልም በዚያው ጣት እንጽፋለን። ገላችንን የምንታጠበው ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ የጀሪካን ውሃ ፀሐይ ላይ አቆይተን ነው። የወር አበባ የመጣባት ልጅ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አትችልም፤ ማለዳ በቀዝቃዛው ውሃ ትታጠባለች። ማታ ጋቢ ያለው ላይብረሪ ያመሻል፤ የሌለው ፈተና ደርሶበት እንኳ ደብተሩን አጥፎ አልጋው ውስጥ ይገባል። ዶርም ውስጥ ስቶቭ መሰካት ክልክል ነው፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ክልከላው ተገቢ ነው። ሌላ መሞቂያ ስለሌለ ግን ደብቀው የሚሰኩ አሉ፤ ፕሮክተር ሲመጣ ስቶቩ እንደጋለ ከአልጋ ሥር ይሸጎጣል። ይህ እጅግ ያስፈራኛል።

ገና የሚውለው በዚሁ ብርድ መሐል ነው። አገሩ ቅርብ የሆነ ተማሪ ቤቱ ደርሶ ይመለሳል። እኛ መንገዱ ስለሚርቅና ትራንስፖርቱ ስለሚወደድ እዚያው እንውላለን። እናቴ ትደውልና "በረደሽ ወይ?" ትለኛለች፤ "ለምጄዋለሁ" እላታለሁ። ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። እውነቱን ብንነግራቸው ተበድረው ብር እንደሚልኩልን እናውቃለን።

እስካሁን ያሞቀን የጓደኛ ደግነት ነው። አንዲት የመንዝ ልጅ የሆነች የዶርም ጓደኛዬ ቤተሰብ ጠይቃ ስትመለስ እናቷ ለእኔ ብለው የላኩትን ባና ተሸክማ መጣች። አይተውኝ አያውቁም። የአገር ልጆችን አቀላቅሎ መመደብ ምን ጥቅም እንዳለው የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ ምደባውን አልቃወምም። ነገር ግን የምማርበትን ቦታ የሚወስነው መንግሥት ከሆነ፣ የቦታው ብርድ የእኔና የእናቴ ዕዳ ብቻ ሊሆን አይገባም።

"እኛም እንዲሁ በርዶን ተምረናል" የሚሉ ታላላቆች አሉ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም እነሱ ስለቻሉት ብቻ ለእኛም ይቀጥል ማለት ፍትሕ አይደለም። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ የምግባችንንና የመኝታችንን ወጪ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ልንከፍል ውል እንፈርማለን። ዶርሙ ምጽዋት አይደለም፤ የምንከፍልበት ማደሪያ ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ አራት ነገሮችን እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1. ምደባ ሲገለጽ የየከተማው ከፍታ፣ የሚበርድበት ወይም የሚሞቅበት ወርና መያዝ ያለበት ልብስ አብሮ ይነገር። ወደ ሰመራ የሚሄደው የደጋ ልጅም ስለ ሙቀቱ አስቀድሞ ይወቅ። ይህ ከአንድ ገጽ ጽሑፍ በላይ ወጪ የለውም።

2. በደጋ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ተማሪ ሲገባ ወፍራም ብርድ ልብስ ያውሱት፤ ሲመረቅ ይመልስ። ደብረ ብርሃንን የመሰለ በብርድ ልብስ ፋብሪካው ስሙ የታወቀ ከተማ ባለበት አገር ይህ ከባድ አይደለም።

3. በዶርም ጣሪያዎች ላይ በፀሐይ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ይተከል። ሌሊቱን የሚያቀዘቅዘው ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ብዙ ፀሐይ ይሰጣል። ከሴቶች ዶርም ቢጀመር ጥቅሙ ወዲያው ይታያል።

4. ኅዳር ከመግባቱ በፊት የተሰበሩ መስኮቶች ይጠገኑ፤ በየሕንፃው ተማሪ ተሰብስቦ የሚያነብበት፣ ውሃ በጥንቃቄ የሚያፈላበት አንድ ሞቅ ያለ ክፍል ይዘጋጅ። ያኔ የስቶቩ ክልከላ በእውነት ይከበራል።

ከአራቱ የመጀመሪያው በጀትም ጨረታም አይጠብቅም። ከሚቀጥለው የምደባ ማስታወቂያ ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን፣ ውሳኔውም ለተማሪውና ለወላጁ በይፋ እንዲነገር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ